አይ ሩቂያን ብቻ የሚጠራው ኮምፒዩተር

ሁለት ነገር አቅርቦ «ያው ናቸው» የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁት። ወይ ሊሸጥላችሁ ነው፣ ወይ ሊድራችሁ ነው፣ ወይ ደግሞ ከተቀመጠበት መነሳት ከብዶት ነው። የሸጠላችሁ ገንዘባችሁን ይወስዳል፤ የዳራችሁ ዕድሜያችሁን ይወስዳል። ሦስተኛው ሰነፍ እኔ ነኝ። እኔ የወሰድኩት የአንዲት ትልቅ ሴትዮ የአንድ ቀን ዕረፍትና የገዛ ጉንጬን መልክ ነው።

መተዳደሪያዬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሐረር ውስጥ ይህን ሥራ ማስረዳት ከመሥራቱ ይከብዳል። እናቴ ለሰው ሁሉ «ወንዴ ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋል» ስለምትል፣ ሰፈርተኛው ማመልከቻ ሊያስተይበኝ ይመጣል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥናቸው ተበላሽቶ አስጠሩኝና አልችልም ስላቸው፣ «ታዲያ ምኑን ተማርከው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላቸውም።

ሥራዬን በደንብ የተረዳልኝ ነጂብ ብቻ ነው። ነጂብ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ እኔ ቁልፍ ሰሌዳ ስነካካ እሱ የሰው ጥርስ መነካካት መርጦ የጥርስ ሐኪም ሆነ። ክሊኒኩን የከፈተው ከጀጎል ግንብ ወጣ ብሎ፣ ሸዋ በር አጠገብ ነው። ሸዋ በር የምለው እኔ የአዲሱ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ግንቡ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ነጂብ «አስመዲን በሪ» ይለዋል። ከገጠር ጫት ጭኖ የሚመጣው ደግሞ በኦሮምኛ የራሱ መጠሪያ አለው። እንግዳ ሰው ሦስታችንንም ከጠየቀ ሦስት በር ሲፈልግ ይውላል... በሩ ግን አንድ ነው። ባጃጁም አህያውም በዚያው ነው የሚያልፈው።

የነጂብ ክሊኒክ ራስ ምታቱ ጥርስ ሳይሆን ተራ ነበር። ጊደር መጋላ ገበያ ሲሸምት የነበረ ሰው ዘንቢሉን ወንበር ላይ ያስቀምጥና፣ «ተራ ይዣለሁ» ብሎ ወደ ገበያው ይመለሳል። ዘንቢልና ዘንቢል አይጣሉም፤ ጉዱ የሚፈላው ባለቤቶቹ ሲመለሱ ነው። በሽተኛ ተቀባይዋ ሃያት ቀኑን ሙሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሐረሪ ስም ስትጣራ ውላ፣ ቤቷ ስትገባ እናቷን የምታናግረው በምልክት ሆነ። አንድ ቀን ነጂብ፣ «ወንዴ፣ ይህን ነገር በማሽን አትሠራልኝም?» አለኝ። ሠራሁለት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በሽተኛው ሲመጣ ሃያት ጠረጴዛ ላይ ባለች ማይክራፎን ስሙን በገዛ አፉ ይናገራል። ነጂብ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሲፈልግ፣ እጁ ጓንት ውስጥ ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቁልፍ በክርኑ ይጫናታል። ያኔ መጠበቂያው ክፍል ያለው ድምፅ ማጉያ በሃያት ድምፅ «ተረኛ» ይልና የባለተራውን የራሱን ድምፅ ያሰማል። ጠዋት ሥራ ሲጀምር ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይልና የመጀመሪያውን ባለተራ ራሱ ይጠራል።

ሕዝቡ ወደደው። ሃያት ለዘመዷ ታደላለች ብሎ ሲያጉረመርም የነበረው ሁሉ ዝም አለ። «ማሽን ምን ዘመድ አለው» ተባለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። እንዲያውም በአንድ ሙያ ሁለት ልመሰገን ብዬ፣ ፕሮግራሙ ድንገት ቢሞት የሚቀሰቅሰው ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ጎኑ አስቀመጥኩለት። የዚህኛው ሥራ ጓደኛውን እየጠበቀ መዋል ነው። ጓደኛው ከሞተ ወዲያው ያስነሳውና እንደ አዲስ ሥራ ያስጀምረዋል። ብልጠት ሲበዛ ምን እንደሚሆን ታውቁት የለ...

አንድ ቀን መብራት ሄደ። መሄዱ ብርቅ አይደለም፤ ነገሩ ያለው አመጣጡ ላይ ነው። ሲመለስ እንደ ተጣላ ሰው ተንደርድሮ ገባና የክሊኒኩን ኮምፒዩተር አቃጠለው። ድሬ ዳዋ ያለው የነጂብ የአክስት ልጅ፣ «እኔ ጋ የማልጠቀምበት ደህና ማሽን አለ» ብሎ ላከለት። ነጂብ ደወለልኝ። ምሳ ላይ ነበርኩ።

«ወንዴ፣ ይሄኛውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት እንደ በፊቱ ሊኑክስ አይደለም አሉኝ። ቢ.ኤስ.ዲ. የሚባል ነው። ያንተ ፕሮግራም ይሠራበታል?»

«ያው ናቸው» አልኩት እየጎረስኩ። «ሁለቱም የዩኒክስ ወገን ናቸው። የሰጠሁህን ገልብጠህ አስነሳው።»

«መጥተህ አታየውም?»

«ምን ያደርጋል? ወንድማማች ናቸው እኮ።»

ወንድማማች ስለሆኑ ይስማማሉ ማለቴ፣ ወንድም እንደሌለኝ ነው የሚያሳየው።

በዚያው ሰሞን እኔም ጥርሴን ታመምኩ። ሕመሙ እንደ ባለሥልጣን ነው፤ መጀመሪያ መልእክተኛ ይልካል፣ ከዚያ ራሱ ይመጣል፣ ከዚያ አልወጣም ይላል። ቅርንፉድ ነከስኩ። በጨው ውኃ ተጉመጠመጥኩ። እትዬ በላይነሽ ነጭ ሽንኩርት አስያዙኝ፤ ጥርሴን ባያሽለውም ሰው አጠገቤ እንዳይቀመጥ አደረገልኝ። በመጨረሻ ግራ ጉንጬ አብጦ ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ሲጀምር፣ ጠዋት ተነስቼ ወደ ነጂብ ክሊኒክ ሄድኩ።

መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሏል። ሃያት ከጠረጴዛዋ ጀርባ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ጨርሶ ተዘግቷል። ስታየኝ በሹክሹክታ፣ «አላህ ነው ያመጣህ» አለችኝ።

«ጥርሴን...» አልኩ፤ ከጉንጬ ሥር የወጣው ግን «ቅልሴን» ነው።

«እሱ ይቆይ። ማሽንህን ተመልከት።»

ምን ሆነ ብዬ ሳልጠይቅ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ሃያት አፏን ገጥማ እያየችኝ፣ ድምጿ ከጣሪያው ሥር፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። በኦሮምኛ ደገመው። በሐረሪ ሠለሰው። ከዚያ «ተረኛ» አለና የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተከተለ፦

«ሩቂያ... እዚህ ላይ ነው የምናገረው ልጄ? ሰምቷል አሁን?»

በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሴትዮ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። አይ ሩቂያ ናቸው። «አይ» ስላችሁ እምቢ ማለቴ አይደለም፤ ሐረሪዎች ትልቅ ሴትን በክብር ሲጠሩ ነው። የጀጎል ሙሽራ ሁሉ ስፌት የተማረው ወይ ከአይ ሩቂያ ነው፣ ወይ አይ ሩቂያ ካስተማሯት ሴት ነው።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አሉ ወደ ድምፅ ማጉያው። የሰሙት የገዛ ድምፃቸው መሆኑን አላወቁትም። «ይቺ ሴትዮ ደግሞ መጣራት አይደክማትም» እያሉ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገቡ።

ሃያት እጄን ይዛ በሹክሹክታ አስረዳችኝ። አዲሱ ማሽን ሥራ የጀመረው ዛሬ ጠዋት ነው፤ አይ ሩቂያ የመጀመሪያዋ ባለተራ ነበሩ። ገብተዋል፤ የሚነቃነቅ ጥርሳቸው ተነቅሎላቸው ወጥተዋል። ልጃቸው መጥታ እስክትወስዳቸው አረፍ ባሉበት ነጂብ ቀጣዩን ለመጥራት ቁልፏን ተጫነ። ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ከዚያ እንደ ጠዋቱ ሁሉንም ሰው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ተቀብሎ፣ አይ ሩቂያን ጠራ። ከዚያ ወዲህ ነጂብ በተጫነ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሩ ገርበብ ስላለ ከውስጥ የሚባለው ይሰማል።

«አይ ሩቂያ፣ ጨረስን አላልኩዎትም?» ይላል ነጂብ።

«ተጠራሁ እኮ ልጄ።»

«እኔ አልጠራሁዎትም።»

«ወላሂ በሦስት ቋንቋ ነው የተጠራሁት። ግን ልጄ፣ ስለ አላህ፣ ከፊት የቀረችኝ ይቺ ናት። እሷን ለሥጋ ነው ያቆየኋት። ተዋት።»

«አልነካትም። ይሂዱ፣ ይረፉ።»

ወጡ። ተቀመጡ። ነጂብ ቁልፏን በክርኑ ተጫነ። ጸጥታ... «እንኳን ደህና መጣችሁ።»

ጉዱ ወዲያው ገባኝ። ነጂብ ቁልፏን ሲጫን ፕሮግራሜ ይሞታል። ያ በኩራት ጎኑ ያስቀመጥኩት ቀስቃሽ ያስነሳዋል። ሲነሳ ጠዋት የነጋ ይመስለውና ሰላምታ ሰጥቶ ከመጀመሪያው ሰው ይጀምራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል... እኔ የሠራሁት ሞኝ ደግሞ ወረቀትም አያስፈልገውም።

«ታዲያ ለምን አንቺው አትጠሪያቸውም?» አልኳት ሃያትን፣ ከተናገርኩ በኋላ ነው የተዘጋ ድምጿ ትዝ ያለኝ። በዓይኗ ብቻ መለሰችልኝ፤ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።

በዚህ መሃል ከረባት ያሰረ አንድ ሰው ተነስቶ፣ «ወገኖቼ፣ ስብሰባ አለብኝ፤ ቀጥሎ እኔ ነኝ» ብሎ ወደ በሩ አመራ።

«ማሽኑ ጠርቶሃል?» አለው አንዱ።

«ማሽኑማ ተበላሽቷል።»

«ላንተ ሲሆን ነው የተበላሸው?»

«እኔ ነኝ ከሳቸው ቀጥሎ» አለች ሌላዋ ዘንቢሏን ከፍ አድርጋ። የድሮው ጦርነት ሊመለስ ነው። ሃያት ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። እኔ ልናገር ብል ማንም የሚሰማው ቋንቋ የለኝም። በሦስት ቋንቋ የሚናገረው ማሽን ብቻ ነው፣ እሱም የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

ድምፅ ማጉያው እንደገና አይ ሩቂያን ጠራ። አሁን ግን አይ ሩቂያ ብቻቸውን አልተነሱም። ከጎናቸው ከፈዲስ የመጣች አንዲት የገጠር ሴት፣ ጉንጯን ይዛ የምታለቅስ ትንሽ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አይ ሩቂያ የልጅቱን እጅ ያዙና ቆሙ።

«የተጠራሁት እኔ ነኝ አይደል?» አሉ ቤቱን በሙሉ እያዩ።

ማን አይደሉም ይላል? ሁሉም ሰምቷል።

«እንግዲያ ተራው የኔ ነው። የኔን ተራ ለወደድኩት እሰጣለሁ። ግቢ ልጄ።» በኦሮምኛም ለእናትየዋ ነገሯት።

ልጅቱ ገባች። ባለከረባቱ ተቀመጠ። ባለዘንቢሏ ዘንቢሏን መሬት አወረደች። እኔ ያን ያህል ጊዜ ተቀምጬ የጻፍኩትን ነገር አይ ሩቂያ ቆመው ጨረሱት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተቃና። ነጂብ ቁልፏን ይጫናል፣ ፕሮግራሜ ይሞታል፣ ቀስቃሹ ያስነሳዋል፣ ሃያት በድምፅ ማጉያው ትቀበለናለች፣ አይ ሩቂያ ይጠራሉ፣ አይ ሩቂያም ክፍሉን ቃኝተው በጣም ያመመውን ያስገባሉ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ እሳቸው ማስጠጋት ጀመረ። ጠዋት ማንንም ሰላም ያላለው ባለከረባት «እናቴ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» ይላል።

እኔም ያበጠውን ጉንጬን በእሳቸው በኩል አዙሬ ቀረብኩ። የሚታየኝ ምሕረት ነው።

«አንተ ነህ ይህን ማሽን የሠራኸው?» አሉኝ።

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲያ አንተ የቤት ሰው ነህ» አሉ። «የቤት ሰው እንግዳን ያስቀድማል።»

ጉንጬን ይዤ ወደ ሃያት ጠረጴዛ ሄድኩና ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ አያምም፣ ቃል እገባለሁ። ኮምፒዩተር ውስጥ ፕሮግራሞች በትንንሽ መልእክቶች ይጠራራሉ። «አቁም»፣ «ቀጥል»፣ «ሙት» የሚሉ መልእክቶች አሉ። እያንዳንዱ መልእክት ስምም አለው፣ ቁጥርም አለው። መልእክቱን የሚያደርሰው ትእዛዝ «ኪል» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ «ግደል» ማለት ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ሥራው ፖስተኛ ነው። የጥንት ዩኒክስ ሠሪዎች ለፖስተኛ ይህን ስም ለምን እንዳወጡለት አላውቅም።

የነጂብ ቁልፍ ስትነካ ይህ ፖስተኛ ለፕሮግራሜ «አሥር ቁጥርን» እንዲያደርስ ነበር የጻፍኩት። በበፊቱ ማሽን፣ በሊኑክስ፣ አሥር ቁጥር ነፃ መልእክት ነው። ስሙ «የተጠቃሚ መልእክት» ነው፤ እንደኔ ያለ ሰው የፈለገውን ትርጉም ይሰጠዋል። እኔ «ቀጣዩን ጥራ» የሚል ትርጉም ሰጥቼዋለሁ። ዓመት ሙሉ ሲሠራ ከርሟል።

አሁን አዲሱን ማሽን፣ «አንተ ቤት ያሉትን መልእክቶች በየቁጥራቸው አሳየኝ» ብዬ በትእዛዝ ጠየቅኩት። አሥረኛው ላይ ዓይኔ ፈጠጠ። «ባስ» ይላል። የድሬ ባስ እንዳይመስላችሁ። «መንካት የሌለብህን የማስታወሻ ቦታ ነክተሃል፤ ስለዚህ ትሞታለህ» የሚል ፍርድ ነው። የኔ የተጠቃሚ መልእክት ደግሞ ራቅ ብሎ ሠላሳ ቁጥር ላይ ተቀምጧል። እኔ «ቀጣዩን ጥራ» ብዬ የላክሁት ቁጥር፣ እዚህ ቤት ሲደርስ «ሙት» ሆኖ ነው የሚነበበው። ምስኪኑ ፕሮግራሜም ታዝዞ ይሞታል። ባስ... እውነትም ባሰ።

ነገሩ የዘር ሐረግ ጣጣ ነው። አባትየው ዩኒክስ ነው። ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ እያንዳንዱ የአባቱን ወግ በየራሱ ቤት አስተካከለው። አንዱ ጓዳውን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ሌላው ወደ ግራ። ቢ.ኤስ.ዲ. የቤቱ ልጅ ነው። ሊኑክስ እንዲያውም የሥጋ ልጅ አይደለም፤ ጎረቤት አድጎ የቤቱን ወግ አጥንቶ፣ ኋላ ከልጆቹ በላይ ስመ ጥር የሆነ ነው። ለአንዱ ቤት የተጻፈ ፕሮግራም ሌላው ቤት ሲገባ በር ላይ መደናቀፍ ሲያበዛ ሽማግሌዎች ተቀመጡና ስምምነት ጻፉ። ስምምነቱ «ፖዚክስ» ይባላል። ብዙ ነገር አስታርቋል፤ ላማው አልችልም። መልእክቶቹ ላይ ሲደርሱ ግን ስሞቹን አጸደቁና ቁጥሮቹን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ለየቤቱ ተዉት። ከተስማሙባቸው ጥቂት ቁጥሮች አንዱ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ በሁሉም ቤት የማይመለስ ሞት ነው። እንግዲህ ወንድማማቾቹ ሞት ላይ አልተለያዩም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ቁጥርን ግን ያወጣው ባለቤቱ ነው፤ በየቤቱም ይለያያል። ሽማግሌዎቹ «በስሙ ጥሩት» ብለው ጽፈው ሳለ፣ እኔ ጥቂት ፊደል ለመቆጠብ በቁጥሩ ጠራሁት። በቆጠብኩት ፊደል ምን እንደገዛሁበት አላስታውስም።

«ወንድሜ...»

ዞር ስል ባለከረባቱ ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን እያነበበ ነው። «ኪል» የሚለውን አይቷል።

«ማንን ነው የምትገድለው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ማንንም» ልል ነበር። ጉንጬ «ማሙን» አድርጎ አወጣው።

«ማሙን ነው የሚገድለው» አለ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ አስጠጋች።

አይ ሩቂያ ከተቀመጡበት፣ «ተዉት፣ በሽተኛ ነው» አሉ። ያ ሁሉ ትምህርቴና ማዕረጌ የተረፈው በዚህች አንዲት ቃል ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። አሥር የሚለውን ቁጥር አጠፋሁና በምትኩ የመልእክቱን ስም ጻፍኩ። በስሙ ከጠራሁት ሊኑክስም ቢሆን፣ ቢ.ኤስ.ዲ.ም ቢሆን፣ ቁጥሩን ከየራሱ ቤት ፈልጎ ያመጣል። ነጂብ ቁልፏን ተጫነ። ማሽኑ አልሞተም። «ተረኛ» አለና ሌላ ሰው ጠራ።

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። የሚነሳ ሰው ግን ጠፋ። የተጠራው ሰው አይ ሩቂያ ቀደም ብለው አስገብተውት፣ ታክሞ ቤቱ የገባ ነው። ማሽኑ ቀጣዩን ጠራ፤ እሱም ሄዷል። ቀጣይዋ ከፈዲስ የመጣችው እናት ናት፤ እስካሁን ግማሽ መንገድ ሳትሄድ አትቀርም። አንድ በአንድ የሌለ ሰው ሲጠራ ቆይቶ፣ በመጨረሻ «እኔ ነኝ፣ እቸኩላለሁ» የሚል ድምፅ አሰማ። ባለከረባቱ ነው። ስም ተናገር ሲባል የተናገረው ይህንን ነው። እያፈረም እየተደሰተም ገባ።

«ይሄ ነው የተስተካከለው?» አለች ባለዘንቢሏ።

«አዎ» አልኩ።

«አይ ሩቂያ ይሻሉን ነበር።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እንኳን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ ተስማማሁ። ማሽኑ ማን እንደቀደመ ያውቃል፤ ማን እንዳመመው ግን አልነገርኩትም። እንዴት እንደሚነገረውም አላውቅበትም።

የአይ ሩቂያ ልጅ መጣች። ተነስተው ሻሻቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ መጡ። ልፋቴን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ መሰለኝ።

«ማሽንህ ክፉ አይደለም» አሉኝ። «መጥራቱን ያውቅበታል። መተው ነበር ያቃተው።»

«አሁን ተምሯል እናቴ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ። አንተንም አላህ ያሽርህ። ይሄን ጉንጭ ይዘህ ግን በጀጎል አትለፍ፤ የሞላ ጉንጭ ያየ ሁሉ ጫቱን አካፍለን ይልሃል።»

ሄዱ። ቤቱ ከእሳቸው በኋላ ጭር አለ። እኔ ስሜን ያስመዘገብኩት ከሁሉ በኋላ ስለነበር፣ በአይ ሩቂያ ሕግም የመጨረሻ፣ በማሽኑ ሕግም የመጨረሻ ሆንኩ። ሁለቱ ሥርዓቶች የተስማሙበት ነጥብ እኔ ነኝ።

ተጠርቼ ስገባ ነጂብ ደክሞታል፤ ሲያየኝ ግን ፊቱ በራ። «ወንዴ፣ ያው ናቸው አላልከኝም ነበር?» አለ።

«ሰው በታመመ ጊዜ አይጠየቅም» አልኩትና ወንበሩ ላይ ተዘረጋሁ። ባለፈው ድሬ ለሥራ ወርጄ ሳለ ሕመሙ ቢብስብኝ እዚያ የተነሳሁትን ራጅ ሰጠሁት። ነጂብ ወደ መብራቱ አዙሮ አየው፤ አብሮት ያለውን ወረቀት አነበበ።

«አሥራ ስምንት ይነቀል ይላል» አለና መስታወቷን አፌ ውስጥ አስገብቶ የላይኛውን የቀኝ የመጨረሻ መንጋጋዬን ነካ አደረገ። «እዚህ ነው?»

ያ ጥርሴ ከሁሉ የምኮራበት ጥርስ ነው። ዓጥንት የሚፈነክት ጥርስ ነው። «አይደለም» ለማለት ሁለቱንም እጄን አነሳሁ።

ነጂብ ወረቀቱን እንደገና አየው፤ ወደ ግራ ጉንጬ አየ፤ ከዚያ ይስቅ ጀመር።

«ምን ያስቅሃል?»

«ይህን የጻፈው ሰው በሌላ አቆጣጠር የተማረ ነው። በኔ ቤት አሥራ ስምንት ላይ ቀኝ ነው። በእነሱ ቤት ታች ግራ ነው።»

ከወንበሩ ቀና አልኩ። «ጥርስም?»

«ጥርስም።»

«ስታንዳርድ የላችሁም?»

«እንዴት አይኖረንም?» አለ ጓንቱን እየሳበ። «ችግሩ ሁለት መሆኑ ነው። ቁጥሩን ተወውና የሚያምህን በጣትህ አሳየኝ።»

አሳየሁት። ጣቴን ታችኛው ግራ መንጋጋዬ ላይ ጫን አድርጌ አስቀመጥኩ።

«ገባኝ። አሁን ጣትህን አንሳ፣ ላደንዝዘው።»

አላነሳሁም። እኔ የዛሬውን ቀን ያየሁ ሰው ነኝ። ቁጥር ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከምንጩ አይቻለሁ።

«ወንዴ፣ ጣትህን ካላነሳህ እንዴት አድርጌ ልሥራ?»

«በጣቴ ዙሪያ ሥራ» አልኩት፤ እንዴት እንደገባው አላውቅም፣ ግን ገባው። ቢለምነኝ፣ ቢቆጣኝ እንቢ ስለው ተስፋ ቆረጠና የሚያደነዝዘውን ነገር ከነጣቴ ረጨብኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የደነዘዘው መንጋጋዬ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ጣት የምጽፋትን ፊደል ሁሉ ስሳሳት ዋልኩ። ጥርሱ ግን ትክክለኛው ነው የወጣው።